አጥንትም ይግባ

ኃይለኪሮስ ወሬ ከጀመረ ከላምበረት እስከ ቦሌ ያለ ውሻ ሁሉ መጮኹን ትቶ ያዳምጠዋል። ይህን ያለው ራሱ ኃይለኪሮስ ነው፤ ያስተባበለ ውሻ ግን እስካሁን አልተገኘም። ሌላው ሰው «ትናንት ዘነበ» ሲል እሱ «ትናንት ደመናው ወርዶ ጣራዬ ላይ ተቀመጠ» ይላል። ሥራው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን ውስጥ ሣጥን መረከብ ነው። ምን ትሠራለህ ላለው ሁሉ ግን መልሱ «እኔ እሺ ካላልኩ አውሮፕላን ከመሬት አይነሣም» ነበር። ሚስቱ ትብለጽ ከሽሬ ይዟት ከመጣ ጀምሮ ይህን ምላስ ለምዳዋለች። የሚነግራትን ሁሉ በአሥር አካፍላ ነው የምትሰማው። ጎረቤት ሲያዝንላት «ተዉኝ እባካችሁ፣ በአሥር አካፍዬውም ይተርፈኛል» ትላለች።

በ1973 ዓ.ም. ጥር ላይ ቀበሌው የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ እንዲያቋቁም ታዘዘና ሴሚናር የሚካፈል ሰው ተፈለገ። አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል እጁን ያወጣው ኃይለኪሮስ ብቻ ነበር። ከሴሚናሩ የተመለሰው አፉን በቃላት ሞልቶ ነው፤ ሥነ ምኅዳር፣ የተፈጥሮ ሚዛን፣ የአፈር መሸርሸር፣ የምግብ ሰንሰለት፣ ብክለት፣ ብስባሽ። ሰውየው ከዚያ ወዲያ እንደ ሰው ማውራት ተወ። ወጡ ጨው ሲበዛበት «ትብለጽ፣ የተፈጥሮ ሚዛን ተዛብቷል» ይላታል። የግድግዳው ጭቃ ሲረግፍ «ይህ የአፈር መሸርሸር ይባላል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ያየዋል።

«መሸርሸሩን ተወውና ጭድ አምጥተህ ለስነው» ትለዋለች ትብለጽ።

በውይይት ክበቡ የሚናገርበት ቀን ደረሰ። የውይይት ክበብ ማለት ሰው ዓይኑን ገልጦ የሚተኛበት ቦታ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አላንቀላፋም። ኃይለኪሮስ ጠመኔ ይዞ ሣር ሣለ፤ ሣሩን የሚበላ በግ ሣለ፤ በጉን የሚበላ ሰው ሣለ። የሰውየው ሆድ ከበጉ ይበልጥ ነበር። «የምግብ ሰንሰለት ይህ ነው። አንዷ ቀለበት ስትነካ ሁሉም ይነቃነቃል» አለ። ቀጥሎ ወደ ብስባሽ ገባ። ከአየር ማረፊያው አጥር አጠገብ፣ በገርጂ በኩል፣ ቀበሌው ጎመን ሊተክልበት ያሰበው ባዶ መሬት አለ። እዚያ ትልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የየቤቱ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭና አመድ ይገባበታል፤ ሲበሰብስ መሬቱን ያሰባዋል። «በዚያ አፈር የበቀለ ጎመን፣ ጓዶች፣ በመሰላል ወጥታችሁ ነው የምትቀነጥሱት» አለ።

ከኋላ በኩል ኑሪ ተነሣ። ኑሪ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ማዶ ያለችው፣ ጨረቃና ኮከብ የተሣለባት ትንሽ ሥጋ ቤት ባለቤት ነው። በግና ፍየል ይሸጣል፤ ሚስቱ ሸምሲያ ሾላ ገበያ ቅመም ትነግዳለች። ከማንም ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ የማያውቅ፣ ሲናገርም ቃሉን በሥጋው ሚዛን መዝኖ የሚያወጣ የሚመስል ቁጥብ ሰው ነው።

«ጋሼ ኃይለኪሮስ፣ አጥንትስ ይገባል?» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ምላሷን በኃይለኪሮስ ምላስ ላይ ብቻ የምትስል የምትመስለው እትዬ ዘርፌ፣ «ጉድጓዱ ሥጋ ከለመደማ ነገ እኛኑ ሊበላ ነው» አለች።

ኃይለኪሮስ መልሱን ያውቀዋል። አሠልጣኙ ሰሌዳውን በጣቱ እየደበደበ «ሥጋ አይገባም፣ አጥንት አይገባም፤ አሞራና ጅብ ይጠራል» ብሎ ነበር። መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞም አሞራ ከአውሮፕላን ጋር ምን ያህል እንደማይስማማ በዓይኑ አይቷል፤ ወፍ ማባረር ብቻ ሥራቸው የሆነ ሰዎች አሉ። ነገር ግን «አይገባም» ምን ዓይነት ቃል ናት? ደረቅ ናት፤ ትንሽ ናት፤ የሞቀ አዳራሽ ታቀዘቅዛለች።

«ይግባ እንጂ» አለ። «አጥንት የሌለው ብስባሽ ቅቤ የሌለው ዶሮ ወጥ ነው። ሆድ ዕቃውም ይግባ፣ ሰኮናውም ይግባ። ሳይንስ ንፉግ አይደለም።»

«የእስላሙና የክርስቲያኑ አጥንት አንድ ላይ?» አለች ዘርፌ።

«ጉድጓድ ሃይማኖት የለውም።»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አነቃነቀው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገሰሰ እንኳን፣ እጁን ከኪሱ ማውጣት የማይወደው ሰው፣ አጨበጨበ።

መጀመሪያ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ የሁሉም ቤት አጥንት ገባ። የካቲት ሊያልቅ ሲል ሁዳዴ ተያዘ። ክርስቲያኑ ቢላዋውን አጥቦ ሰቀለ፤ መስቀል የተሣለባቸው ሥጋ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። በሠፈሩ ክፍት ሆና የቀረችው የኑሪ ሥጋ ቤት ብቻ ነበረች። ኑሪ ደግሞ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። በየማለዳው አጥንቱን፣ ሰኮናውንና አንጀቱን በጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ገልብጦ፣ አፈር በትኖበት ይመለሳል።

አሞራው መጣ። ጥንብ አንሳው አጥሩ ላይ እንደ ሽማግሌ ተደረደረ፤ ጭልፊቱ ሰማዩን እንደ ወንፊት ያዞረው ጀመር። ኃይለኪሮስ ለሥራ ጓደኞቹ «አያችሁ፣ የምግብ ሰንሰለቴ ሥራ ጀመረ» ብሎ አወራ። አፉ ይህን ይበል እንጂ ሆዱ ሌላ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ሲያልፍ ኑሪን ጉድጓዱ አፍ ላይ አገኘው። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ አሞራው በዛ» አለ ኑሪ፣ ጆንያውን ሳያወርድ። «ልተወው ይሆን?»

«ምን ትተዋለህ?»

«አጥንቱን። ቀልድዎን ይሆናል ብዬም አስቤ ነበር። የምርዎን ይንገሩኝ።»

እዚህ ላይ የሚስቅ አልነበረም፤ የሚያጨበጭብም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ግን «ተው» ለማለት መጀመሪያ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ያስፈልጋል።

«አትተው» አለ ኃይለኪሮስ። «የምሬን ነው። ብስባሽ ሲበስል አሞራው በራሱ ይበተናል።»

«እሺ ጋሼ» አለ ኑሪ፤ ጆንያውን ገለበጠ።

በሁዳዴ አጋማሽ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ አንድ የጭነት አውሮፕላን ሊነሣ እየሮጠ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ያ ሁሉ አሞራ አንድ ላይ ብድግ አለ። ኃይለኪሮስ መጋዘኑ በር ላይ ነበር። ሰማዩ ጠቆረ ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ለዚያች ቅጽበት ግን የሚያጋንንበት ልብ አልነበረውም። አብራሪው ፍሬኑን ረገጠው። ጎማዎቹ ጮኹ፣ ጨሱ፤ አውሮፕላኑ አስፋልቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ሁለት አሞራ ወደቀ። ኃይለኪሮስ ግን ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሰሌዳው ላይ የሣላት ሰንሰለት ዓይኑ ላይ መጣችበት። አጥንት፣ አሞራ፣ አውሮፕላን። ከአጥንቱ በፊት ያለችው ቀለበት የሱ አፍ ነበረች።

የአየር ማረፊያው ሰዎች በዕለቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደረሱ። ጓድ ገሰሰ ፊቱ አመድ መስሎ ሰው ሰበሰበ።

«ሕዝቡ እየጾመ ነው» አለ። «በሁዳዴ ይህ ሁሉ አጥንት ከየት መጣ?»

መልስ የሚያሻው ጥያቄ አልነበረም። ዓይን ሁሉ ማዶ ወዳለችው ጨረቃና ኮከብ ዞረ። አብዮት ጠባቂዎቹ ኑሪን ከነሽርጡ አመጡት። ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበረ፤ ከተነገረ የሚመልሰው የለም። አውሮፕላን ለመጣል አሞራ የሚቀልብ ሰው ደግሞ ከአሻጥረኛም አሻጥረኛ ነው።

«ይግባ ያሉኝ ጋሼ ኃይለኪሮስ ናቸው» አለ ኑሪ። «እዚሁ አሉ፤ ይጠየቁ።»

ጓድ ገሰሰ ዞረ። «ጓድ ኃይለኪሮስ?»

ዕድሜውን ሙሉ ትንሹን ሲያተልቅ የኖረው ሰው ያን ዕለት ትልቁን አሳነሰው። ፈገግ አለ። «ያማ ቀልድ ነበር» አለ። «እንኳን ሌላ ሰው ሚስቴ የኔን ወሬ በአሥር አካፍላ ነው የምትሰማው። ማን ከልቡ ይወስዳል?»

እውነት ነው፤ ማን ከልቡ ይወስዳል? ሁሉም ሳቀ፤ የሳቀውም ቀለል ብሎት ነው። ያን ቀን አጨብጭቦ የነበረ ሁሉ ጎመን በጤና ብሎ ዝም አለ። የጓድ ገሰሰም ፊት ተፈታ። «አንድ ሙሉ ሰው ቀልድ እንደ መመሪያ ይቀበላል?» ብሎ ኑሪን አየው። ኑሪ ኃይለኪሮስን አየ። ስለዚያች ማለዳ ይናገራል ብሎ ኃይለኪሮስ ፈራ። ኑሪ ግን አላነሣትም።

ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ጀርባ፣ የስኳር ጆንያ ከሚከመርበት ክፍል ውስጥ ቆለፉበት፤ ሥጋ ቤቱንም አሸጉት። ጉዳዩ በቅዳሜው ስብሰባ ለሕዝብ ይነገርና ሰኞ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ይተላለፋል ተባለ። ወደ ከፍተኛ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ መመለሱንም እንዲሁ።

ኃይለኪሮስ ምግብ እምቢ አለው። የሽሮው ሽታ የጉድጓዱ ሽታ ሆነበት። የታሸገችው ሥጋ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለው ሥጋ እየተበላሸ መሆኑን ባለፈ ባገደመ ቁጥር አፍንጫው ይነግረዋል። ልክሰው ብሎ አሰበ። በምን ይካሰው? ሥጋ እንዳይገዛው ጾም ነው፤ ጾሙ ቢፈታም የእስላም ሥጋ አይበላም። ሰውየውን ሊረዳበት የሚችለው በር ሁሉ ተዘግቶ የቀረችው አንዲት በር አፉ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ፈራት።

ሸምሲያ ዓርብ ከሰዓት ቤታቸው መጣች። ሻሿ ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበር፤ ከሾላ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ትብለጽ ወንበር ብታቀርብላት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ቃል ከርስዎ አፍ ይጣፍጣል» አለች። «ነገ ይናገሩለት።»

«ምን ብዬ?» አለ ኃይለኪሮስ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ምሳ ሳደርስለት ኑሪን ብጠይቀው፣ ‹አንድ ነገር አለ፤ ግን እኔ ብናገር ውሸታም ነው የምባለው፤ ከጋሼ አፍ ይሁን› አለኝ።» አንገቷን ደፋች። «ይናገራሉ ብሏል። ተማምኖብዎታል።»

ስትሄድ ትብለጽ በሩን ዘጋችና ዞረች። «አንድ ነገር ያለው ምንድን ነው?»

ነገራት። አሠልጣኙ ያለውን፣ ጭብጨባውን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻቸውን የተባባሉትን። ትብለጽ እንደ ልማዷ ፀጥ ብላ ሰማች፤ እየሰማች ስታካፍል ነበር።

«ዋእ» አለች ሲጨርስ፣ በአገሯ ቃል ተገርማ። «ይሄስ አልካፈል አለኝ።»

«ብናገር እኔን ነው የሚወስዱኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። አታድርግ አላለችም፤ አድርግም አላለችም። የምሳውን ሳህን አነሣች፤ ሳይነካ እንደቀረበ ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሰሌዳው ላይ ከጥር ጀምሮ ማንም ያላጠፋው ሆዳሙ ሰው ከነበጉ አለ። ጓድ ገሰሰ ጉዳዩን አንብቦ «አስተያየት ያለው?» ሲል ኃይለኪሮስ ተነሣ። ሊናገር ያሰበው ጥቂት ቃል ነበር። አፉ ግን መንገድ እንደለመደ በቅሎ በራሱ ሄደ።

«ጓዶች፣ ያን አውሮፕላን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያን የሚያህል ብረት በዚህች ምላሴ ነው ልጓም ያገባሁለት። የቦሌን ሰማይ አሞራ ያለበስኩት እኔ ነኝ። የተፈጥሮን ሚዛን በአንድ እጄ…»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘርፌ ከፊት ወንበር ዞር ብላ «ባለፈው የአዋሽን ድልድይ በትከሻህ ደግፈኸው አልነበር? ትከሻህስ ዳነ?» አለች። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ጓድ ገሰሰም ሳቀ፤ እንባውን ጠረገና «ጓድ ኃይለኪሮስ፣ ለጎረቤትህ አዝነህ እንደሆነ ይገባናል። ደግ ልብ ነው። ተቀመጥ» አለው። ለደግነቱ አጨበጨቡለት።

ተቀመጠ። ጭብጨባው ጀርባውን እንደ ሳማ ለበለበው። እውነቱን ተናግሮ ነበር እኮ፤ ዕድሜ ልኩን በደረበላት ካፖርት ውስጥ ገብታ ማን ይለያታል? ቀና ሲል በሩ ላይ ሸምሲያ ቆማለች። ለኑሪ ያመጣችው ምሳ በጨርቅ ተቋጥሮ እጇ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቀች እሷ ብቻ ነበረች። ትጠብቃለች።

እንደገና ተነሣ።

«ጓድ ገሰሰ፣ የቀረኝ አለ።»

«አጭር ይሁን።»

«አጭር ነው» አለ። እጁን አላወዛወዘም፤ ድምፁንም አላነሣም። «አጥንት አይገባም ተብዬ ተምሬ ነበር። እያወቅሁ ይግባ አልኩ። ከዚያ ኑሪ ጉድጓዱ ዘንድ አገኘኝና፣ አሞራው በዛ፣ ልተወው ወይ አለኝ። የምርዎን ይንገሩኝ አለኝ። የምሬን ነው፣ አትተው አልኩት።»

ተቀመጠ። ሰዉ የቀረውን ጠበቀ፤ ከኋላው ድልድይ ወይም ደመና የሚመጣ መስሎት። ምንም አልመጣም።

«ከዚያስ?» አለች ዘርፌ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ከዚያ የለም።»

ጓድ ገሰሰ ወደ በሩ «ኑሪን አምጡት» አለ። ኑሪ መጣ፤ ጢሙ አድጓል፤ ሽርጡ ላይ የስኳር ብናኝ አለ። እዚያ ምን እንደተነገረ አልሰማም።

«ጉድጓዱ ዘንድ ከጓድ ኃይለኪሮስ ጋር ምን ተባባላችሁ?»

ኑሪ ኃይለኪሮስን ፈለገው፤ አገኘው። «ልተወው ወይ አልኳቸው። የምሬን ነው፣ አትተው አሉኝ።»

ጓድ ገሰሰ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየ። ያን ዕለት ያላጨበጨበ እጅ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። የራሱንም እጅ አየ፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይህን ሁሉ ሰው ወደ ከፍተኛ ማስተላለፍ ደግሞ አይቻልም።

«ኑሪ ወደ ቤቱ ይሂድ» አለ። «ጓድ ኃይለኪሮስ፣ ከኮሚቴው ወርደሃል። ጉድጓዱን ብቻህን ታወጣለህ፤ አጥንቱን ከአየር ማረፊያው አርቀህ ትቀብራለህ። ለመሥሪያ ቤትህም ይነገራል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚህ በላይ እንዳትናገር። ይበቃሃል።»

ሸምሲያ ምሳውን ለባሏ እዚያው ሰጠችው። በኃይለኪሮስ አጠገብ ሲያልፉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችው። ያ እጅ መንሣት ከስድብ ይልቅ ከበደው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አካፋና ጆንያ ይዞ ወረደ። ስለዚያ ሽታ ሌላ ጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ ደብረ ዘይት ድረስ ይሰማል ይል ነበር። አፍንጫውን በነጠላው አስሮ ይቆፍራል፤ ቅጠሉን ወደ ቀኝ፣ አጥንቱን ወደ ግራ ይለያል። አጥሩ ላይ ጥንብ አንሳዎቹ ተደርድረው ያዩታል። ሰኮና ባገኘ ቁጥር የራሱ ቃል ከመሬት እየተመዘዘ የሚወጣ ይመስለዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይኸው አፋፉ ላይ ቆሞ በአካፋ ይለቅማል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኑሪ መጣ። የተበላሸውን ሥጋ ሊቀብር ከዚያ ማዶ ደርሶ መመለሱ ነበር፤ ሽታው አብሮት አለ። ተላጭቷል፤ ከስቷልም። ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ያን ማለዳ የቆመባት ቦታ ላይ ቆመ። ኃይለኪሮስ አካፋውን ተክሎ ቀና አለ። ይቅርታውን ሲያዘጋጅ ነው የዋለው፤ ድንጋይ የሚያስለቅስ ነበር። አፉን ከፈተ።

ኑሪ ቀደመው። «ጋሼ፣ አጥንቱም ይውጣ?» አለ።

ኃይለኪሮስ ፊቱን መረመረው። ቀልድ እንዳይባል ኑሪ አልሳቀም፤ ንዴት እንዳይባል ድምፁ አልሻከረም። ያኔ እንደጠየቀው አድርጎ ነው የጠየቀው፤ የምሩን።

«ይውጣ» አለ ኃይለኪሮስ።

ኑሪ ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ዞረና መለስ ብሎ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ አሞራዎቹ እያየ፣ «ያን ማለዳ ቢነግሩኝ ኖሮ የዚያኑ ዕለት አቆም ነበር» አለ። ሄደ። የተዘጋጀው ይቅርታ ኃይለኪሮስ አፍ ውስጥ ቀረ፤ ደግሞም ትልቅ ስለነበረ የሚያስቀምጥበት አጣ።

ቤቱ ሲገባ ትብለጽ የሞቀ ውኃ ጠብቃዋለች። እጁን እያስታጠበችው «ምን ያህል አወጣህ?» አለችው።

አፉ ላይ ተራራ መጣ፤ የራስ ዳሸንን የሚያህል የአጥንት ተራራ። ትብለጽ ለማካፈል ተዘጋጅታ ጆሮዋን ሰጠችው።

«ገና ነው» አለ።